«ሺምፐር»፦ ከሰው ወደ ዕፅ የተሻገረ የቤተሰብ ስም

1. መግቢያ

ከሐዋሳ ከተማ ወደ ቱላ ወይም ወደ ወንዶ ገነት አቅጣጫ ወጣ ብሎ የግቢዎችን አጥር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ቁጥቋጦ ደጋግሞ ያገኛል። ቅጠሉ አረንጓዴና ሰፋ ያለ፣ አበባው ነጭ፣ ንብ የማይለየው ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ስለሚጸድቅ ገበሬው ለአጥር ይመርጠዋል፤ የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችም ለወፍ በሽታና ለሌሎችም ሕመሞች ይፈልጉታል። ዐማርኛ ተናጋሪው በአንዳንድ አካባቢ «ስሚዛ»፣ በሌላው ደግሞ «ሰንሰል» ይለዋል፤ በኦሮምኛ «ዱሙጋ» ይባላል። በዕፀዋት ጥናት መዝገብ ግን ከእነዚህ ስሞች አንዱም አልሰፈረም። እዚያ የሚታወቀው «ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና» በሚል የላቲን ስም ነው።

ከዚህ ጥንድ ስም ሁለተኛው ቃል የቅጠሉን መልክ ወይም የበቀለበትን አገር አይናገርም። የአንድ ሰው የቤተሰብ ስም ነው። ሰውየው ጌዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን አርባ ዓመት ያህል በአገራችን ኖሮ በአድዋ ዐርፏል። «ሺምፐር» በጀርመን አገር እንኳ ብርቅ የሆነ ስም ነው። እንዲህ ያለው ስም በሐዋሳ አጥር ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ? ወደ ኢትዮጵያ ሲገባስ በሰው ስምነት ምን ገጠመው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስሙን ምንጭ፣ ትርጉምና ስርጭት ከመረመረ በኋላ ወደ ራሳችን የስም አወጣጥ ልማድ መመለስ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ ስም በትውልድ ውስጥ የሚዘልቀው በደም ሐረግ ወይም በሥራ ታላቅነት ብቻ ሳይሆን ስሙን በሚመዘግበው ሥርዐት ነው። አንባቢ ልብ ይለው ዘንድ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የጀርመን የቤተሰብ ስም አመጣጥ

የዛሬው ጀርመናዊ ያለ ቤተሰብ ስም አይታሰብም። ይሁን እንጂ የጥንቶቹ ጀርመኖች እንደ እኛው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በደቡብና በምዕራብ የጀርመን ከተሞች ሕዝቡ እየበዛ፣ ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ችግር ተፈጠረ። በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ዮሐንሶች፣ ብዙ ሄይንሪኾችና ብዙ ኮንራዶች ተገኙ። ግብር ሰብሳቢው፣ ዳኛውና የርስት ጸሐፊው አንዱን ዮሐንስ ከሌላው መለየት ነበረባቸው። በመሆኑም ከክርስትና ስሙ አጠገብ አንድ መለያ ቃል መጻፍ ተጀመረ። መለያው መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግል ነበር። እያደር ግን ልጅ ከአባቱ ቤቱንና መሬቱን ሲወርስ መለያውንም አብሮ ወረሰ። እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይህ ልማድ በአብዛኛው የጀርመን ምድር ተስፋፍቷል።

መለያዎቹ በጠቅላላው በአራት ይከፈላሉ። አንደኛው ከአባት ስም የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ከመጣበት ወይም ከሚኖርበት ቦታ ይወሰዳል። ሦስተኛው የሥራ ስም ሲሆን አራተኛው ከመልክ፣ ከጠባይ ወይም ከገጠመኝ የተነሣ ቅጽል ስም ነው። ዛሬ በጀርመን እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች መካከል ሙለር፣ ሽሚት፣ ሽናይደርና ፊሸር ይገኛሉ። አራቱም የሥራ ስሞች ናቸው፤ በቅደም ተከተል ባለወፍጮ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ልብስ ሰፊና ዓሣ አጥማጅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ዓሣ አጥማጅ «ዓሣ አጥማጁ» ተብሎ ቢጠራ ልጁ ሐኪም በሆነ ጊዜ ይህ መጠሪያ ይቀራል። በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ ረገድ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። «ቀጥቃጭ» ማለት በአገራችን ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ጀርመን ውስጥ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ የአባቱን ሥራ ስም አድርጎ ሲወርስ፣ እኛ ዘንድ ያንኑ ቃል ከልጁ ለማራቅ ዐዋጅ አስፈልጓል። እንግዲህ የቤተሰብ ስም ታሪክ የቃላት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሥራና የክብር ታሪክም ነው።

በጀርመንም ቢሆን የቤተሰብ ስም በየአካባቢው እኩል አልተቀበሉትም። በሰሜን ባሕር ዳር የሚኖሩ ፍሪዞች ልክ እንደ እኛ የአባትን ስም ከራሳቸው ስም ቀጥሎ በመጥራት ረጅም ዘመን ቆይተዋል። የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የታዘዙት በ1811 በናፖሊዮን አስተዳደር ነው። በመላው የጀርመን ግዛት ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ የተወሰነው ደግሞ በ1875 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በተከታዩ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ የማይናወጥ ሆነ። ጀርመናዊው ስሙን የያዘው ከእኛ ይልቅ ዘሩን ስለሚወድ አይደለም፤ ጸሐፊው ስለ ያዘበት ነው።

3. «ሺምፐር» ማለት ምን ማለት ነው?

«ሺምፐር» ከአራቱ ክፍሎች በአራተኛው፣ በቅጽል ስም ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ይመስላል። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ «ሺምፕፍ» የሚባል ቃል ነበር። ፍችውም ጨዋታ፣ ቀልድ፣ መዝናኛ፣ አንዳንድ ጊዜም የጦር ጨዋታ ነበር። ከዚህ ቃል የወጣ የአድራጊ ስም «ተጫዋች፣ ቀልደኛ» ማለት ይሆናል። «ሺምፕፍ» እንዲሁ ያለ «ኧር» መድረሻ በቤተሰብ ስምነት መገኘቱም ይህን ግምት ይደግፋል።

በስሙ ውስጥ «ፍ» የተባለው ድምፅ አለመኖሩ ግር ሊያሰኝ ይችላል። ይህን የሚፈታልን የቀበልኛ ጥናት ነው። የሺምፐር ቤተሰብ ከተገናኘባቸው ቦታዎች አንዱ የማንሃይም ከተማ ሲሆን የዚያ አካባቢ ቀበልኛ በጽሑፍ ጀርመንኛ «ፕፍ» የሚባለውን ድምፅ «ፕ» ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። በመሆኑም ፖም በጽሑፍ ቋንቋ «አፕፈል» ሲባል በእነርሱ አፍ «አፕል» ይሆናል። በዚሁ መንገድ ከ«ሺምፕፈር» «ሺምፐር» ማለት የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ስሙ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን አነጋገርም ይዞ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ግን ቃሉ ራሱ በቋንቋው ውስጥ የደረሰበት ለውጥ ነው። በዛሬው ጀርመንኛ ከዚሁ ሥር የወጣው «ሺምፕፈን» የሚለው ግሥ መጫወት መሆኑ ቀርቶ መቆጣት፣ መሳደብ ማለት ሆኗል። ከቀልድ ወደ ማላገጥ፣ ከማላገጥ ወደ ስድብ መሻገሩ አያስደንቅም። በቋንቋችንም ተመሳሳይ ጉዞ ያደረጉ ቃላት አሉ። «ጨዋ» የሚለውን ብንወስድ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥን ወታደር ያመለክት ነበር፤ ኋላ ያልተማረውንም፣ መልካም ጠባይ ያለውንም ሰው መጥሪያ ሆኗል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቃሉ በሕዝብ አፍ ውስጥ ሲለወጥ የቤተሰብ ስም ግን በመዝገብ ላይ ደርቆ ይቀራል። ዛሬ ሺምፐር የሚባል ሰው የሚጠራው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለአንድ አያቱ በወጣ ቅጽል ነው፤ ቀልደኛ ሆነም አልሆነም።

የስሙ ስርጭት ጠባብ ነው። እንደ ሙለርና እንደ ሽሚት በየከተማው አይገኝም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ባለወፍጮ በየመንደሩ ስለነበረ ሙለር የሚለው ስም በብዙ መቶ ቦታ ለየብቻው በቅሏል፤ ቅጽል ስም ግን በአንድ ወይም በጥቂት ቤቶች ስለሚወጣ ከእነዚያ ቤቶች አልፎ አይሰፋም። ሆኖም ይህ ትንሽ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዓመት ለሳይንስ ያበረከተው ከቁጥሩ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የእኛው ዊልሄልም ወንድም ካርል ፍሪድሪኽ ሺምፐር «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ስያሜ በ1837 ያወጣ ሰው ነው። የአጎታቸው ልጅ ዊልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር በሽትራስቡርግ የሽበትና የመሰል ዕፀዋት ሊቅ ሲሆን በ1874 «ፓሊዮሲን» የተባለውን የምድር ዘመን ሰየመ። የእርሱ ልጅ አንድሪያስ ሺምፐር ደግሞ በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ «የሐሩር ዝናብ ደን» የሚለውን አጠራር ለዓለም አስተዋወቀ። አራቱም በስያሜ ታሪክ ውስጥ ቦታ ይዘዋል፤ ሦስቱ ስም በማውጣት፣ አራተኛው ስሙ ለሌላ በመሰጠቱ።

4. ዊልሄልም ሺምፐር በኢትዮጵያ

ጌዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር በ1804 ተወለደ። በወጣትነቱ የእጅ ሥራ ተምሯል፤ በውትድርናም አገልግሏል። ኋላ በወንድሙ ምክንያት ወደ ዕፀዋት ጥናት ተሳበ። በዚያን ጊዜ በኤስሊንገን ከተማ ሆኽሽቴተርና ሽቶይደል የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ የጉዞ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ ከአባሎቹ መዋጮ ይሰበስባል፤ በገንዘቡ ተጓዥ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ ተጓዡ የሰበሰበው ደረቅ ዕፅም በየድርሻው ለአባሎቹ ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ መንገድ አልጄሪያን፣ ግብፅን፣ ሲናንና ዐረቢያን ከዞረ በኋላ በ1837 አድዋ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሺምፐር ኑሮ የተጓዥ ኑሮ መሆኑ ቀረ። የትግራይና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደዱት፤ በእንትጮም ሾሙት። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። የጉዞው ማኅበር በ1842 ሲፈርስ ከአውሮፓ የሚመጣለት ገንዘብ ቢቋረጥም እርሱ አልተመለሰም። ደጃዝማች ውቤ በ1855 በደረስጌ ጦርነት በካሣ ኃይሉ ተሸንፈው ካሣ «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብለው ሲነግሡ ግን ሺምፐር ሹመቱን አጣ። በመጨረሻም ንጉሡ ከያዟቸው አውሮፓውያን ጋር ወደ መቅደላ ተወስዶ በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ነፃ ወጣ። አገሩ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ አድዋ ተመለሰ፤ በ1878ም እዚያው ሞተ።

ሺምፐር ለአገራችን ያስገባው አንድ ነገር አለ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 በእርሱ አማካይነት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዛሬ ከሻሸመኔና ከሲዳማ ደጋ እየተጫነ ወደ ሐዋሳ ገበያ የሚገባውን ድንች የሚገዛ ሰው ይህን ስም አያውቅም። ሕዝቡ ተክሉን ሲቀበል የአስገቢውን ስም አልተቀበለም። ይህን ውለታ መርሳት ብለን አንቆጥረው፤ በቃል የሚኖር ሕዝብ የሚበላውን ነገር በነገሩ ይጠራዋል እንጂ ባመጣው ሰው መጥራትን ልማድ አላደረገም።

5. የቤተሰብ ስሙ ለምን በሰው አልዘለቀም?

በኢትዮጵያ የስም ልማድ ሰው የራሱን ስም ይዞ የአባቱን ያስከትላል፤ ሲያስፈልግም አያቱን ይጨምራል። በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ይገባል፤ አንድ ስም ከኋላ ይወጣል። የወጣው ስም ጠፋ ማለት አይደለም። ዘር የሚቈጥር ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ አባቶቹን በቃሉ ያውቃል፤ ጋብቻ ሲታሰብም ይህ ዕውቀት ሥራ ላይ ይውላል። በሲዳማም ሰው የአለታ ወይም የሐዌላ ጎሳ ተወላጅ መሆኑን በአባቱ በኩል ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ጎሳው በስሙ ላይ አይለጠፍም። ዘሩ በማስታወስ ውስጥ፣ ስሙ በአፍ ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየቦታው ይኖራል።

ቅጽልም ቢሆን በእኛ ዘንድ አይወረስም። የፈረስ ስም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ስሞቹ ባለቤቶቹን ያህል ዝነኞች ናቸው፤ ለልጆች መጠሪያ ግን አልሆኑም። ጀርመናዊው የቀልደኛ አያቱን ቅጽል ለዘሩ ሲያወርስ ኢትዮጵያዊው የጀግና አባቱን ቅጽል ከአባቱ ጋር ይቀብረዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅጽል በራሱ ሥራ ያወጣ ዘንድ ይጠበቃልና።

«ሺምፐር» የሚለው የቤተሰብ ስም የገባው ወደዚህ ልማድ ነው። ከልጆቹ አንዱ እንግዳሸት ጀርመን አገር ሄዶ ተምሯል፤ ተመልሶም በአስተርጓሚነት አገልግሏል። አውሮፓውያን ጸሐፊዎች «እንግዳሸት ሺምፐር» ይሉታል። በአገሩ ልማድ ቢሆን ግን «እንግዳሸት ዊልሄልም» ነበር የሚባለው። የእርሱ ልጅ በበኩሉ ስሙን አስቀድሞ «እንግዳሸት»ን ያስከትላል፤ «ሺምፐር» የሚገባበት ቦታ የለም። ልማዱ ስሙን የጠላው ወይም የባዕድ ነው ብሎ የገፋው አይደለም። የሚያኖርበት ክፍል በቤቱ ውስጥ አልነበረውም።

ይህ ዕጣ የሺምፐር ብቻ አልነበረም። በ1847 ወደ እርሱ የመጣው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም ከውቤ በኋላ ቴዎድሮስን ያገለገለና ከኢትዮጵያዊት የወለደ ሰው ነው። «ዛንደር» ከምንጮቹ አንዱ «አሌክሳንደር» የተባለው ስም ተቆርጦ የቀረ መሆኑ ነው፤ እኛ «እስክንድር» የምንለው ማለት ነው። የዛንደር ልጅ ካታሪና ሞሪትስ ሆል የተባለውን የጋፋት ባለ እጅ አገባች። የእርሷ ልጅ ማግዳሌና ደግሞ የኡስቲኖቭን ቤተሰብ ተቀላቀለች፤ የማግዳሌና የልጅ ልጅም በዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ (1921–2004) ነው። በአውሮፓ ልማድ ሴት ልጅ የባሏን ስም ስለምትይዝ በሁለት ጋብቻ ውስጥ ዛንደር ሆል፣ ሆል ኡስቲኖቭ ሆነ። ዘሩ ቀጠለ፤ ስሙ ግን ጠፋ። እንግዲህ የቤተሰብ ስም ዘርን ሁሉ ይጠብቃል የሚለው እምነት ከፊል እውነት ነው። የሚጠብቀው የወንዱን መሥመር ነው፤ ሴቷ በምትሻገርበት ቦታ ሁሉ ይቋረጣል። በእኛ ልማድ በአንጻሩ ያገባች ሴት የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ ልጆቿ ግን የአባታቸውን እንጂ የእርሷን ስም አያስከትሉም። ሁለቱም ልማዶች እናትን የሚረሱበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

የቤተሰብን ስም በሕግ ለማስገባት በአገራችን ሙከራ አልተደረገም ማለት ግን አይደለም። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቁጥር ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ደንግጓል። ሕጉ ብዙ ነገር ለወጠ፤ የስም ልማዱን ግን ሊለውጥ አልቻለም። ሕዝቡ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። በ1934 የቱርክ መንግሥት ለዜጎቹ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዝዞ ማስፈጸሙን ስናስብ ልዩነቱ የመዝገብ ጉዳይ መሆኑ ይታየናል። በኢትዮጵያ ልደትና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ760/2004 ዐዋጅ መሠረት፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። መዝገብ ሳይኖር የወጣ የቤተሰብ ስም ድንጋጌ ማሰሪያ እንደሌለው ነዶ ነበር።

6. ስሙ በዕፀዋት ላይ

በሰው ላይ ቦታ ያጣው ስም ሌላ መዝገብ ይጠብቀው ነበር። ሺምፐር በአድዋና በስሜን ተራሮች የሰበሰባቸው ዕፀዋት ደርቀው፣ በወረቀት ላይ ተጣብቀው፣ የታተመ ምልክት ተደርጎባቸው ወደ አውሮፓ ሲላኩ በምልክቱ ላይ በላቲን «የሺምፐር የሐበሻ ጉዞ» የሚል ይጻፍ ነበር። ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ ስለሚዘጋጅ ያው ስም በፓሪስም፣ በበርሊንም፣ በለንደንም ተቀመጠ። ሊቃውንቱ አዲስ ዝርያ ሲያገኙ በፊታቸው ያለው የዚህ ሰው ስም ነበርና ተክሉን በእርሱ ሰየሙት።

የላቲን ሰዋስው ለዚህ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ አገናዛቢ ሲሆን «ሺምፐሪ» ማለት «የሺምፐር» ነው። ሁለተኛው ቅጽል ሲሆን «ሺምፐሪያና» ማለት «ሺምፐራዊት» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ከተሰየሙት ውስጥ «አኮካንቴራ ሺምፐሪ» አለ፤ ይህ ለቀስት መርዝ የሚያገለግለውና በዐማርኛ ምረንዝ የሚባለው ዛፍ ነው። በሁለተኛው ከተሰየሙት ደግሞ በመግቢያው ያየነው ስሚዛ ይገኛል። «ሺምፐራ» የተባለ ራሱን የቻለ የዕፅ ወገንም አለ። ለተጫዋች አያት የወጣው ቅጽል በዚህ አኳኋን የመርዝ ዛፍና የአጥር ቁጥቋጦ መጠሪያ ሆነ።

የእኛ ስሞችስ? በዚሁ የላቲን መዝገብ ውስጥ ዕድላቸው ልዩ ልዩ ነው። ጤፍ በሳይንሳዊ ስሙም «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ነው። የሲዳማ ሕዝብ ሕይወት የተመሠረተበት እንሰትም «ኤንሴቴ» ተብሎ የወገኑ ስም ሆኖ ገብቷል። ኮሶ ግን «ሃጌኒያ» የተባለው ኢትዮጵያን ረግጦ በማያውቅ ሃገን በተባለ የኮኒግስበርግ ፋርማሲ ሊቅ ስም ነው። ኑግም «ጊዞቲያ» የተባለው በፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና የፖለቲካ ሰው በጊዞ ስም ነው። ስሚዛም በሁለት የባዕድ የቤተሰብ ስሞች ተይዟል፤ «ጀስቲሺያ» ከስኮትላንዳዊው አትክልተኛ ከጀስቲስ፣ «ሺምፐሪያና» ከሺምፐር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ተክሉን በበቀለበት ያየው፣ በአገሩ የኖረና በአገሩ የሞተ ሺምፐር ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ በአጥራችን ላይ መገኘቱን እንደ ባዕድ ምልክት ብቻ ማየት አይገባም።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ሺምፐር ተራራውን ብቻውን አልወጣም። የትኛው ቅጠል የት እንደሚገኝ፣ የትኛው እንደሚመርዝ፣ የትኛው እንደሚፈውስ የነገሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ከ1864 እስከ 1868 ያዘጋጃቸው የእጅ ጽሑፎቹ የአገሩን ዕፀዋት ከነጥቅማቸው ያትታሉ። ያ ዕውቀት ከአፍ የተቀዳ ነበር። በታተመው ምልክት ላይ ግን ለአንድ ስም ብቻ የሚሆን ቦታ ስለነበረ የመሪው፣ የተሸካሚው፣ የመድኃኒተኛው ስም አልተጻፈም። የእነዚያ ሰዎች ስም የጠፋው ከሺምፐር ያነሰ ስለ ሠሩ ሳይሆን መዝገቡ ስላልጠየቃቸው ነው።

7. ማጠቃለያ

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይባላል። ከዚህ በላይ ያየነው ታሪክ ለዚህ አነጋገር አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚያነሣው አፍ ወይም የሚይዘው ጽሑፍ ሲኖር ነው። «ሺምፐር» በጀርመን መዝገብ ተይዞ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ፤ በኢትዮጵያ የቃል ልማድ ውስጥ ሲገባ የሚያዝበት አጣ፤ በላቲን የዕፀዋት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እንደገና ተያዘ።

ዛሬ ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ ይካሄዳል። ከሐዋሳ ወደ ጀርመን ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚሄድ ወጣት በሚሞላው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ይገጥመዋል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል። ከወንድሙ ጋር ሳይመካከር ከሞላም የአንድ አባት ልጆች በባዕድ አገር መዝገብ ሁለት ቤተሰብ ይሆናሉ። እዚያው ልጅ ሲወልድ ደግሞ የአያቱ ስም ለዘለዓለም ቆሞ እንዲቀር፣ የራሱ ስም ግን ከልጁ ስም ቀጥሎ እንዳይጠራ ሊገደድ ይችላል። ሺምፐር እዚህ መጥቶ የአያቶቹን ስም የሚያኖርበት አጣ፤ የእኛ ልጅ እዚያ ሄዶ የአባቱን ስም የሚያኖርበት ያጣል። ሁለቱም የደረሰባቸው አንድ ዐይነት ነገር ነው።

ይህን በመረዳት በስም ጥናት የተሰማራን ሁሉ ሁለት ነገር ማድረግ እንችላለን። አንደኛ፣ የስም ልማዳችን ጉድለት ያለበት የአውሮፓ ልማድ ሳይሆን የራሱ ሕግ ያለው ሥርዐት መሆኑን ለተማሪዎቻችንም ሆነ ለባዕዳን መዝጋቢዎች በግልጽ ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን ለጥናት ወደ ገጠር ወጥተው የዕፅ ስም፣ ተረት ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር ሲሰበስቡ በዐማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛ የተባለውን ስም ከነገረው ሰው ስም ጋር፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ እስከ ፈቀዱ ድረስ፣ አብረው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። የእናት አገሩን አጥር የሚያጥረው ስሚዛ የአንድ ጀርመናዊ ስም ተሸክሞ መኖሩ ሊያስከፋን አይገባም። ሊያሳስበን የሚገባው «ይህ ስሚዛ ይባላል፤ ለዚህ ይሆናል» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አለመገኘቱ ነው።